ድንገት ጠፍቶ አልነሳ ያለ መኪና፦ ፓምፑን ተወው

አንድ አንባቢ እንዲህ ብሎ ጽፎልኛል። «የቤንዚን መኪና ነው፣ ኢንጄክሽን። እየነዳሁ ሳለ ሳይቆራረጥ፣ ሳይንቀጠቀጥ በአንዴ ጠፋ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቼ ስሞክረው ተነሳ። ሁለት ሳምንት እንዲህ እያደረገ ሰነበተና አሁን ጭራሽ አልነሳ ብሏል። ባትሪው ደህና ነው፣ ሞተሪኖውም በደንብ ያዞራል። አንድ ሜካኒክ የነዳጅ ፓምፑንና ካንዴላዎቹን ቀየረልኝ፣ ለውጥ የለም። አሁን ምን ልቀይር?»

ለጊዜው ምንም አትቀይር። እስካሁን የተቀየረው ይበቃል።

መኪናውን ሳላየው ነው የምናገረው፣ ግን የጻፍከው ሁሉ ወደ ክራንክ ሴንሰር (ሞተሩ መዞሩን ለኮምፒውተሩ የሚነግረው ዕቃ) ነው የሚወስደኝ። እንዲህ ያሰኘኝ አጠፋፉ ነው። ነዳጅ ያነሰው ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ሲጠፋ ያስታውቃል፤ ጉልበት ያጣል፣ ይቆራረጣል፣ ዳገት ላይ ይለግማል፣ ከዚያ ነው የሚቆመው። ያንተ ግን ቁልፉን ሰው የዘጋበት ይመስል ጭጭ አለ። እንደዚህ የሚያደርገው ኤሌክትሪክ ነው። ሲሞቅ ጠፍቶ ሲበርድ መነሳቱ ሲጨመርበት ጥርጣሬዬ ይብስ ይጠነክራል።

ከሁሉ በፊት ግን ድምፁን ስማ። ጤነኛ ሞተር በሞተሪኖ ሲዞር እየከበደው፣ እየለቀቀው ነው፤ ምት አለው። ምቱ ጠፍቶ ከወትሮው ፈጥኖ፣ ያለምንም ጫና የሚሽከረከር ከሆነ ታይሚንግ ቤልቱ (ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር አስማምቶ የሚያዞረው ቀበቶ) ተበጥሷል ማለት ሊሆን ስለሚችል እዚያው አቁም፣ ደግመህ አታስነሳ። በብዙ ሞተሮች ላይ ፒስተኑ ቫልቩን መትቶ ያጣምመዋል። ያንተ ሲበርድ ይነሳ ስለነበር ቤልት አይመስለኝም፣ ግን መስማት ገንዘብ አያስወጣም።

ድምፁ ደህና ከሆነ ወንበርህ ላይ ሆነህ ሁለት ነገር እይ። ቁልፉን ሳታስነሳ ኦን ላይ ብቻ አድርገውና ጆሮህን ወደ ኋላ ወንበር አቅርብ። ሁለት ሰከንድ ያህል ዝዝዝ ብሎ ዝም ካለ ፓምፑ፣ ሪሌው (ኤሌክትሪኩን የሚከፍትና የሚዘጋው ዕቃ) እና ፊውዙ ኤሌክትሪክ እያገኙ ነው። ቀጥሎ አስነሳና የአርፒኤም መርፌውን ተመልከት። በብዙ መኪና ሞተሪኖው ሲያዞር መርፌው ትንሽ ከፍ ይላል፣ ወደ 200 አካባቢ። ዜሮ ላይ ተለጥፎ ከቀረ ግምቴ ትክክል የመሆን ዕድሉ ትልቅ ነው። አንዳንድ ዳሽቦርድ በዚህ ፍጥነት መርፌውን ስለማያንቀሳቅሰው ስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ) ካገኘህ ሞተሩ እየዞረ አርፒኤሙ ስንት እንደሚል አንብብ። ፒ0335 የሚል ኮድ (የዚህ ሴንሰር የብልሽት ኮድ ነው) ካገኘህ ጥሩ፣ ካላገኘህ ግን ሴንሰሩ ደህና ነው ብለህ አትደምድም። ሳይመዘግብ የሚሞት ሴንሰር ብዙ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ላብራራ፤ ይህን ነገር ማስረዳት እወዳለሁ፣ ያንተም ፓምፕ ያለጥፋቱ የተቀየረው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ከክራንክ ሻፍቱ (ፒስተኖቹ ከሚያዞሩት ዋና ዘንግ) ጋር አብሮ የሚዞር ጥርስ ያለው ቀለበት አለ። በብዙ መኪና የ60 ጥርስ ቦታ ኖሮት ሁለቱ ሆን ተብለው ተትተው 58 ናቸው። ባለ ሁለት ፒን በሆነው ሴንሰር ውስጥ ማግኔትና በጣም ቀጭን የመዳብ ሽቦ ጥቅል አለ። እያንዳንዱ ጥርስ ባለፈ ቁጥር ሽቦው ላይ ትንሽ ቮልት ይፈጠራል፣ ጥርስ የሌለበት ክፍተት ሲያልፍ ደግሞ ኮምፒውተሩ ፒስተኑ የት እንደደረሰ ያውቃል። መቼ እሳት እንደሚሰጥ፣ መቼ ቤንዚን እንደሚረጭ የሚወስነው በዚህ ነው። ሽቦው ከተቋረጠ ጥርሶቹ አይታዩትም። ሞተሪኖው የፈለገውን ያህል ቢያዞር ኮምፒውተሩ ሞተሩ ቆሟል ብሎ ነው የሚያምነው። ለቆመ ሞተር ደግሞ እሳትም ቤንዚንም አይሰጥም፤ ፓምፑንም ያጠፋዋል። ፓምፑን የሚያጠፋው በግጭት ጊዜ ሞተሩ ቆሞ ፓምፑ በተበጠሰ ቱቦ ቤንዚን እያፈሰሰ እንዳይቀጥል ነው። ስለዚህ ቁልፉ ሲከፈት ሁለት ሰከንድ ብቻ ይሠራና ጥርስ እስኪቆጠር ይጠብቃል።

አሁን ሜካኒኩን አስበው። ሞተሩን እያዞረ የነዳጁን መስመር ያያል፣ ግፊት የለም፤ «ፓምፕ ነው» ይላል። ካንዴላ ነቅሎ ያያል፣ እሳት የለም፤ «ካንዴላ ነው፣ ቦቢና ነው» ይላል። ያየው ነገር ውሸት አይደለም። ግን ሁለት የማይገናኙ ዕቃዎች በአንድ ሰከንድ አብረው አይሞቱም። እሳትም ነዳጅም አብረው ሲጠፉ ሁለቱንም የሚያዘውን ፈልግ። የሙቀቱ ነገርም ከዚሁ ይመጣል። ቀጭኑ ሽቦ ተሰንጥቋል፤ ሲሞቅ ይለያያል፣ ሲበርድ ይነካካል። ስንጥቁ እየሰፋ ሲሄድ ቢበርድም አይገናኝም። አንተ የደረስከው እዚህ ላይ ነው። የድሮውን ፓምፕ ካልጣልከው አስቀምጠው፣ ደህና ነው ብዬ እወራረዳለሁ።

ሴንሰሩ ብዙውን ጊዜ ሞተሩ ግርጌ፣ በፑሊው በኩል ወይም ከማርሽ ሳጥኑ ጋር በሚገናኝበት አካባቢ ነው፤ ከላይ ካልደረስክበት ከስር መግባትህ አይቀርም። ስለዚህ ስማኝ፦ ክሪክ ብቻ የያዘው መኪና ስር አትግባ። ለአንድ ደቂቃም ቢሆን። ክሪክ ማንሻ ነው፣ መያዣ አይደለም። ጎማዎቹ ስር ታኮ አድርግ፣ የእጅ ፍሬን ያዝ፣ ክብደቱን በጠንካራ የብረት መደገፊያ ላይ አሳርፈህ ነቅንቀው። ብሎኬት ደርድረህ ደግሞ እንዳትደገፍበት፣ ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ ነው የሚፈርሰው።

ሶኬቱን ነቅለህ ውስጡን እይ። ዘይት ገብቶበት፣ ፒኑ አረንጓዴ ሆኖ፣ ሽቦው በጭስ ማውጫው ተለብልቦ ይሆናል። በላክኸው ፎቶ ላይ ከሶኬቱ ትንሽ ከፍ ብሎ ናስትሮ የተጠቀለለበት ቦታ አይቻለሁ፣ እሱ አላማረኝም። አንድ ሰው ሽቦውን ቆርጦ በእጁ ጠምዝዞ ቀጥሎታል። የዚህ ሴንሰር ሽቦ በብዙ መኪና ዙሪያውን የብረት ፈትል የለበሰ ነው፤ ፈትሉ የሚከላከለው ከቦቢና የሚመጣውን ረብሻ ነው፣ ሽቦውን የቀጠለው ሰው ግን ፈትሉን ቆርጦ ጥሎታል። ናስትሮ ሙቀት ላይ ይለቃል። ፍታው፣ በሶልደር ብየዳ አገናኘው፣ በሙቀት በሚኮማተር ሽፋን ሸፍነው። ማን ያውቃል፣ ችግሩ ሙሉ በሙሉ እዚያው ይሆናል።

ባለ ሁለት ፒን ከሆነ ቴስተሩን ኦም ላይ አድርገህ ሴንሰሩ ላይ ያሉትን ሁለቱን ፒን ለካ። ትክክለኛው ቁጥር እንደ መኪናው ቢለያይም ብዙዎቹ ከ200 እስከ 2,000 ኦም ባለው ውስጥ ናቸው። ጨርሶ ካላነበበ ተቆርጧል፣ ጨረስክ። ካነበበ ገና ነው፤ ሴንሰሩን በጸጉር ማድረቂያ እያሞቅህ ቁጥሩን ተከታተል፣ ድንገት ከጠፋ ሌባውን ያዝከው። ሌላው መንገድ ኤሲ ቮልት ላይ አድርጎ ሞተሩ ሲዞር ማየት ነው፣ ግማሽ ቮልትም ቢሆን መታየት አለበት። ለዚህ ግን ረጅም ሽቦ ቀጥለህ ከመኪናው ስር ውጣና ቴስተሩን ከውጭ ያዝ። አንተ ስር ሆነህ ሌላ ሰው ቁልፍ እንዳይነካ፤ ማርሽ ውስጥ ከሆነ መኪናው ይዘላል፣ ድጋፉን ይጥላል። ባለ ሦስት ፒን ሲሆን ኦም አትለካ፣ ብዙውን ጊዜ ሌላ ዓይነት ነው። ቁልፉን ከፍተህ ሶኬቱ ላይ 5 ወይም 12 ቮልት መድረሱን፣ ኔጋቲቩም መኖሩን አረጋግጥ። ሁለቱም ካሉና ሲዞር ሲግናል ከሌለ ሴንሰሩ ነው።

ስትገዛ ርካሹን አትግዛ። እነዚያ ፎርጅድ ሴንሰሮች ሲበርዱ ሸጋ ናቸው፣ ሞተሩ ሲግል እንደ አሮጌው ይሆናሉ፤ አንዳንዶቹም ርዝመታቸው በትንሹ ስለሚለይ ከጥርሱ ይርቃሉ ወይም ይነካሉ። ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን አስተያይ፣ ከመግጠምህ በፊትም ኦሙን ለካ። አሮጌው ሙጭጭ ካለ በካቻቪቴ አትፈልቅቀው፣ ተሰብሮ ውስጥ ይቀራል፤ ዘይት እየቀባህ ግራ ቀኝ እያዞርክ አውጣው። ጫፉ ላይ የተሰበሰበውን የብረት ብናኝ ጥረግ፣ አዲሱን በመዶሻ አትምታ። አንዳንድ መኪና ከቀየርክ በኋላ በስካነር እንድታስተዋውቀው ይፈልጋል።

መርፌው ቢንቀሳቀስ ወይም ስካነሩ አርፒኤም ቢያሳይስ? ያኔ ግምቴን ተወውና የሞተሩን ዋና ሪሌ በተመሳሳይ ቁጥር ሪሌ ቀይረህ ሞክር፣ የጸረ-ስርቆት መብራቱ ይብለጨለጭ እንደሆነ እይ፣ ከዚያ የነዳጅ ግፊት ይለካ። ቤንዚኑን ማኒፎልድ (የአየር ማስገቢያው ቱቦ) ላይ የሚረጭ ሞተር ከሆነ 3 ባር አካባቢ ነው የሚጠበቀው። ከዚያ በፊት ከስር ለመግባት አትቸኩል፤ ከገባህም በክሪክ ብቻ አይሆንም። መርፌው ምን እንዳደረገ ጻፍልኝ፣ ለሚቀጥለው ከዚያ እንነሳለን።