«ሕጉ አይፈቅድም» ከማለታችሁ በፊት

የጤና መረጃ አያያዝ ለምትማሩ ልጆቼ፣

ሥራ በያዝኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ ሰው ወደ ካርድ ክፍላችን መስኮት ቀርቦ የራሱን ካርድ ቅጂ ጠየቀኝ። ሌላ ሐኪም ሊያማክርበት ነበር። «ሕጉ አይፈቅድም፤ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያምጡ» አልኩት። አንዳች ጥርጣሬ አልነበረብኝም፤ ከእኔ በፊት በዚያ መስኮት የተቀመጡት ሁሉ እንደዚያ ሲመልሱ ሰምቻለሁ። ሰውየው አልተከራከረኝም። በእጁ የያዘውን ባዶ ፖስታ አጥፎ ኪሱ ከተተና ሄደ። «ሕጉ» ያልኩትን ነገር አግኝቼ ያነበብኩት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው፤ ካርዱን የማየትና ቅጂ የመውሰድ መብቱን በግልጽ ይሰጠው ነበር። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» ይባላል። የዚያ ሰው ጭብጦ በእኔ እጅ ነው የሄደችው፤ ዛሬም ያቺን ፖስታ ሳስታውስ ሆዴ ይባባል።

ያን ጊዜ የሕግ መጽሐፍ የሚገኘው በጠበቃ መደርደሪያ ላይ ነበር። እናንተ ግን ኪሳችሁ ውስጥ ይዛችሁት ትዞራላችሁ፤ ያውም በነጻ። ይህ በራሱ የመጣ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1992 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ቶማስ ብሩስና ፒተር ማርቲን በአሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሕግ መረጃ ተቋም አቋቋሙ፤ ሕግ ለሕዝብ በነጻ በኢንተርኔት ይነበብ ብለው። በ1995 የአውስትራሊያው ኦስትሊ፣ በ2000 የብሪታንያና የአየርላንዱ ቤይሊ ተከተሉ፤ የካናዳው ካንሊ፣ የደቡባዊ አፍሪካው ሳፍሊ፣ አህጉሩን የሚያገናኘው አፍሪካንሊም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። እነዚህ ተቋማት በ2002 ሞንትሪያል ላይ ባወጡት መግለጫ ይፋዊ የሕግ መረጃ የሰው ልጅ የጋራ ቅርስ ነው አሉ። መንግሥታትም የየራሳቸውን ከፍተዋል፦ የአውሮፓ ኅብረት ዩር ሌክስን፣ የብሪታንያ ብሔራዊ መዛግብት የአገሪቱን የሕግ ድረ ገጽ፣ አሜሪካ በየጊዜው የሚታደሰውን የፌዴራል ደንቦች ስብስብ። አንዳቸውም ለማንበብ ገንዘብ አይጠይቋችሁም።

እንግዲህ ችግሩ መግቢያው ነው። በመፈለጊያው ሳጥን ላይ «የሕክምና ካርድ ሕግ» ብላችሁ ብትጽፉ ቀድመው የሚመጡላችሁ የጥብቅና ድርጅቶችና የሶፍትዌር ሻጮች ጽሑፎች ናቸው። አትናቋቸው፤ የአንቀጽ ቁጥር ይነግሯችኋል። ቁጥሩን ቅዱና ውጡ። ከዚያ ወደ ሕጉ ሂዱ።

ሕጉ ጋር ስትደርሱም እኛ በምንጠራው ስም አትፈልጉት። ሕግ «ካርድ» አይልም። በአውሮፓ ኅብረት አጠቃላይ የመረጃ ጥበቃ ደንብ «ጤናን የሚመለከት መረጃ» ተብሎ በአንቀጽ 4 ንዑስ አንቀጽ 15 ተተርጉሟል። ሂፓ በሚባለው፣ የጤና መረጃን በሚጠብቀው የአሜሪካ ሕግ ሥር በወጣው ደንብ ደግሞ ሕመምተኛው ሊያየው የሚችለው መዝገብ የተለየ ስምና ትርጉም አለው፤ የክፍያና የመድን መዝገቦችን ሁሉ ያካትታል። ብዙ ተማሪዎች «ትርጓሜ» የሚለውን ክፍል ዘለው ያልፋሉ። እኔ ሁልጊዜ ከዚያ እጀምራለሁ፤ አንድ ሰዓት ካለኝ ግማሹን እዚያ ባጠፋው አይቆጨኝም።

አንድ ምሳሌ ጠጋ ብለን እንይ። «ሂፓ የሕመምተኛ ካርድ ለ6 ዓመት ይቀመጥ ይላል» የሚለውን ከስንት ሰው እንደሰማሁት ቁጥሩን አላውቀውም፤ በሥልጠና ወረቀት ላይ ተጽፎም አይቻለሁ። አሁን የደንቡን ክፍል 164.316 ክፈቱ። 6 ዓመት የሚለው ቃል በእርግጥ አለ። ግን ምን ይቀመጥ ነው የሚለው? ዓረፍተ ነገሩ በዚያው ክፍል የሚጠየቀውን ሰነድ ብቻ ነው የሚጠቅሰው፤ ትንሽ ከፍ ብላችሁ ስታነቡ ያ ሰነድ ተቋሙ ስለ መረጃ ደኅንነት የጻፋቸው የአሠራር መመሪያዎችና የወሰዳቸው እርምጃዎች መዝገብ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ቆጠራውም ሰነዱ ከተጻፈበት ወይም ለመጨረሻ ጊዜ ሲሠራበት ከነበረበት ቀን፣ ከሁለቱ ከዘገየው ይጀምራል። የሕመምተኛው ካርድ የለበትም። የካርዱ ዕድሜ በአብዛኛው በየክፍለ ግዛቱ ሕግ ነው የሚወሰነው። አሁን አስቡት፦ ይህን አንድ መስመር ሳያነብ ካርድ ያቃጠለ ሰው ምን ብሎ ይመልሰዋል? የተቃጠለ ካርድ አይመለስም።

ቀኑን ደግሞ ተመልከቱ። የብሪታንያው ድረ ገጽ ሕጉን መጀመሪያ በወጣበትና በተሻሻለበት መልኩ ለየብቻ ያሳያል፤ ያልገቡ ማሻሻያዎች ካሉም በገጹ አናት ላይ ያስጠነቅቃል፤ ያቺን ማስጠንቀቂያ አትዝለሏት። በዩር ሌክስ ላይ ማሻሻያዎቹ ተጠቃለው የቀረቡበት ጽሑፍ ለንባብ ይመቻል፤ ሕጋዊ ኃይል ያለው ግን በይፋዊ ጋዜጣው የታተመው ነው። የአሜሪካው የደንቦች ስብስብም ወደ ኋላ ተመልሳችሁ በአንድ የተወሰነ ቀን ይሠራበት የነበረውን እንድታዩ ይፈቅዳል። ከሦስት ዓመት በፊት ስለወጣ ምስጢር ስትጠየቁ የዛሬውን አንቀጽ ይዛችሁ ብትቀርቡ ስታችኋል።

የፍርድ ቤት ውሳኔም አንብቡ። በ1992 የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወረቀቱ የሐኪሙ ቢሆንም ሕመምተኛው የውስጡን መረጃ የማየትና ቅጂ የማግኘት መብት አለው ብሎ ፈረደ። በ1996 የአውስትራሊያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ያንኑ ጥያቄ ተመልክቶ በአገሩ የጋራ ሕግ (ፍርድ ቤቶች በውሳኔያቸው ባቆሙት ሕግ) እንዲህ ያለ መብት የለም አለ። ጥያቄው አንድ፣ መልሱ ሁለት። የአውስትራሊያውን ፍርድ ብቻ ይዞ የሚሮጥም ይሳሳታል፤ በኋላ የወጣ የግላዊነት ሕግ መብቱን ሰጥቷልና። ስለዚህ አንድ ፍርድ ስታነቡ «የማን አገር ነው? ከዚህ በኋላስ ምን መጣ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ለእኛ ሙያ ግን ከሁሉ የምመርጠው የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት በሐምሌ 2008 በፊንላንድ ላይ የሰጠውን ነው። ሁዶክ በሚባለው የፍርድ ቤቱ የመረጃ ቋት በነጻ ይገኛል፤ ከሳሿም በአንዲት ፊደል ብቻ ነው የተጠራችው። ነርስ ናት፤ በምትሠራበት ሆስፒታል ለኤች አይ ቪ ትታከም ነበር። ባልደረቦቿ ካርዷን አይተዋል ብላ ጠረጠረች። ማን እንደከፈተው ለማወቅ ስትጠይቅ ግን ሥርዓቱ የሚያሳየው የመጨረሻዎቹን አምስት ጊዜያት ብቻ፣ ያውም የክፍሉን እንጂ የሰውየውን ስም አልነበረም፤ ካርዱ ወደ መዝገብ ቤት ሲመለስ ያም ይጠፋል። የአገሯ ፍርድ ቤቶች አላስረዳሽም አሏት። የአውሮፓው ፍርድ ቤት ግን ማስረጃው የጠፋው በሆስፒታሉ የመዝገብ አያያዝ ጉድለት መሆኑን አየ፤ የግል ሕይወቷ አልተጠበቀም፣ የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ስምምነት አንቀጽ 8 ተጥሷል አለ። ማን ካርድ እንደከፈተ የሚመዘግበው ሥርዓት ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚህ ፍርድ የተሻለ የሚያስተምር የመማሪያ መጽሐፍ አላጋጠመኝም። ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ ባነበብኩ ቁጥር ያችን ሴት በዓይነ ኅሊናዬ አያታለሁ።

አሁን ጥያቄ ጽፋችሁለት የሚመልስ ማሽን አለ። በ2023 ኒው ዮርክ ውስጥ ጠበቆች ማሽኑ የፈጠራቸውን፣ በዓለም ላይ የሌሉ ፍርዶች ጠቅሰው ለፍርድ ቤት አቅርበው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። የሰጣችሁን ቁጥር በምንጩ ላይ ካላገኛችሁት የለም ማለት ነው።

በመጨረሻ የሠራሁበት ካርድ ክፍል መስኮት ላይ አንድ ወረቀት ለጥፌ ነበር፤ ካርድ የማየት መብት የሚሰጠው አንቀጽ ቃል በቃል፣ ከሥሩ ያነበብኩበት ቀን። በየሦስት ወሩ ድረ ገጹን ከፍቼ አንቀጹ እንዳልተለወጠ አይና ቀኑን አድሳለሁ። አንድ ጠዋት አንዲት እናት መጥታ ምንም ሳትጠይቀኝ ወደ ወረቀቱ ተጠጋች። በጣቷ መስመሩን እየተከተለች ቀስ ብላ አነበበችና ዞር ብላ «እንግዲያው ቅጹን ስጡኝ» አለችኝ።