ቦክስተር፣ ኤምኤክስ-5 ወይስ 350ዜድ? ያገለገለ ስፖርት መኪና ከመግዛትህ በፊት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ላልተከታተለው ሰው ላሳጥረው፦ የመጀመሪያ ስፖርት መኪናህን ልትገዛ ነው። የ2003 ፖርሽ ቦክስተር፣ የ2007 ማዝዳ ኤምኤክስ-5 እና የ2006 ኒሳን 350ዜድ በተቀራራቢ ዋጋ አግኝተሃል። ሦስቱም ማንዋል ናቸው። «የቱን ልውሰድ? ምን ምን ልይ? ኪሎ ሜትሯ ያነሰውን ብወስድ አይሻልም?» ነው ያልከው።

ከኪሎ ሜትሩ ልጀምር፣ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚያ ላይ ነውና። ትንሽ የተነዳች ማለት ያልተጎዳች ማለት አይደለም። 45,000 ኪሎ ሜትር ብቻ ሄዳ ለዓመታት የቆመች መኪና ጓርኒሲዮኖቿ (ዘይትና ውሃ እንዳይፈስ መገጣጠሚያዎቹን የሚያሽጉት) ይደርቃሉ፣ የፍሬን ዘይቷ እርጥበት ይጠጣል፣ ታንከሯ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ተበላሽቶ የነዳጅ መርጫውን ይደፍናል። ለአምስት ደቂቃ እየተነሳች መልሳ የምትጠፋ ከሆነ ደግሞ ይብሳል፤ ዘይቱ ውስጥ የገባው ውሃ የሚተንበት ሙቀት ላይ ሳይደርስ ሞተሩ ይዘጋል። 130,000 ሄዳ በየዓመቱ ዘይቷ የተቀየረና ለሁሉም ደረሰኝ ያላት መኪና ከእሷ ትሻላለች።

ሌላው፣ ስፖርት መኪና ሁሉ የታወቀ ሕመም አለው። ሞዴሉን ከመረጥክ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ «ሕመሟ ታክሟል ወይ? ካልታከመ ማሳከሚያው ከዋጋው ላይ ይቀነሳል ወይ?» የሚል ነው። ስለዚህ አንድ በአንድ እንያቸው።

ቦክስተሯ ብዙ የሚወራባት ናት፣ ወሬውም መሠረት አለው። ሞተሯ ውስጥ ካምሻፍቶቹን፣ ማለትም ቫልቮቹን የሚከፍቱትን ዘንጎች፣ በሰንሰለት የሚያዞር መካከለኛ ዘንግ አለ። የዚህ ዘንግ አንደኛው ጫፍ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ነው «አይኤምኤስ» እየተባለ የሚፈራው። ከፋብሪካ ሲወጣ በግሪስ የታሸገ ነው። ዓመት ሲቆጠር ማሸጊያው ይለቃል፣ ግሪሱ ይታጠባል፣ ኳሶቹ መበላት ይጀምራሉ። ዘንጉ ከቦታው ሲወላገድ ታይሚንጉ (የፒስተንና የቫልቭ ቅንጅቱ) ይዘላል፣ ፒስተንና ቫልቭ ይጋጫሉ። ያን ጊዜ የምታወራው ስለ ጥገና አይደለም፣ ስለ ሌላ ሞተር ነው። የመጀመሪያዎቹ ቦክስተሮች ኩሽኔታ ባለ ሁለት ረድፍ ኳስ ነበር። ከ2000 ገደማ እስከ 2005 ያለው ባለ አንድ ረድፍ ነው፤ ደካማው እሱ ሲሆን ያንተዋ 2003ም እዚህ ውስጥ ትወድቃለች። ከዚያ በኋላ እስከ 2008 የተገጠመው ትልቅና ጠንካራ ነው፣ ነገር ግን ሞተሩ ለሁለት ካልተከፈለ አይወጣም። ከ2009 ሞዴል ጀምሮ ዘንጉም ኩሽኔታውም የሉም። ይህን ስል ሁሉም ይሰበራል ማለቴ አይደለም፣ አብዛኞቹ ሳይሰበሩ ይኖራሉ። ግን ሲሰበር የሚያስከፍለው ከመኪናዋ ዋጋ ጋር ስለሚቀራረብ ዕድልህን አትሞክር።

ኩሽኔታውን ለመቀየር ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) መውረድ አለበት። ካምቢዮ ከወረደ ደግሞ ፍሪሲዮኑና የሞተሩ የኋላ የዘይት ማኅተም አብረው ይቀየራሉ፣ ልምድ ያለው መካኒክ አንዱን ብቻ ሠርቶ መልሶ አይዘጋም። የሻጩን ደረሰኞች ስታገላብጥ የፍሪሲዮን ደረሰኝ አግኝተህ ኩሽኔታውን ካጣህ፣ ያ ሁሉ ተፈትቶ ለምን እንዳልተነካ ጠይቀው።

ደረሰኝ ከሌለ የዘይት ፊልትሮው ይናገራል። አስወጣውና የወረቀቱን እጥፋት በምላጭ ቆርጠህ በነጭ ጨርቅ ላይ ዘርጋው። በደማቅ መብራት እይና ማግኔት አስጠጋ። ተንጠልጥሎ የሚቀር የሚያብረቀርቅ ብናኝ ብረት ነው፤ እሱን ካየህ ድርድሩ እዚያው ያልቃል። ማግኔት የማይስበው ብርማ ነገር አሉሚኒየም ነው፣ እሱም ደግ ምልክት አይደለም። አልፎ አልፎ የምታየው ቡናማ ፕላስቲክ ሰንሰለቱ የሚንሸራተትበት ክፍል ፍርፋሪ ነው፤ አንዲት ቁራጭ አታስደነግጥም፣ እፍኝ ከሆነ ግን ያስደነግጣል። ፊልትሮው ንጹሕ ሆነ ማለት ግን ነገ አይሰበርም ማለት እንዳልሆነ አስብበት።

የቦክስተር ቀሪ ጣጣ ቀላል ነው። ከኋላ የሻንጣ ቦታ ያለው የማቀዝቀዣ ውሃ ማጠራቀሚያ ይሰነጠቃል፤ ምንጣፉን ገልጠህ እርጥበት ካለ ዳስስ። የፊት ራዲያተሮቹ ግራና ቀኝ ከፊት ጎማዎቹ ፊት ለፊት ስለሆኑ በቅጠል ይታፈናሉ፤ በፓራውርቶው ቀዳዳ በባትሪ መብራት ብታይ ይታይሃል። ሲነሳ የምትተፋው ትንሽ ጭስ ሲሊንደሮቹ ተጋድመው ስለተኙ የተለመደ ነው። መንገዱን የሚሸፍን ነጭ ጭስ ከሆነ ግን የዘይት ትነት መለያው ሞቷል። ጣሪያዋ የሚያወርደው ውሃ የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች ከተደፈኑ ውሃው ወደ ውስጥ ይገባል፤ የቁልፍና የአላርም መቆጣጠሪያው ሳጥን ደግሞ መቀመጫ ሥር ነው ያለው። በመቀመጫው ሥር ያለውን ምንጣፍ ሳትጫን አትውጣ።

350ዜድ ላይ ሁለት ነገር እይ። የዙር መቁጠሪያው ቀይ መስመር ከ7,000 የሚጀምር የ2005 ወይም የ2006 ማንዋል ከሆነ ዘይት በመጠጣት የሚታወቀው ሞተር ነው። ሻጩ ሳያውቅ ደረጃውን በዘይት መለኪያው እይ፤ ዝቅተኛው ምልክት ላይ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ሰውየው ዘይት አያይም ማለት ነው፣ ይህ ሞተር ደግሞ ይህን ይቅር አይልም። በ2007 የመጣው ተከታዩ ሞተር ሌላ ችግር አለው፦ ከፊት ካለው የሰንሰለት ሽፋን ጀርባ ያለች የወረቀት ጓርኒሲዮን ትቀደድና የዘይት ግፊት ይወርዳል። ለዚህ ሞተሩን በደንብ አሙቀህ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳትረግጥ) የዘይት ግፊት ጌጁን እይ፤ ወደ ዜሮ ከተጠጋ ተሰናበት። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የዚህ መኪና ትልቁ ችግር ባለቤቶቹ ናቸው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በርካሽ ኪት ዝቅ የተደረገች፣ ማርሚታዋ የተቆረጠች፣ ኮምፒውተሯ የተነካካ 350ዜድ በየቦታው ሞልቷል። ኦሪጅናሏን ማግኘት ዕድል ነው፤ ካገኘህ ግን ከሦስቱ ጉልበተኛዋ እሷ ናት።

ኤምኤክስ-5ን ስለ ሞተሯ ብዙ አላወራም። በ2005 የወጣችው ትውልድ የታይሚንግ ሰንሰለት አላት፣ ዘይቷን እስከቀየርክ ድረስ አታስቸግርም። የሚበላት ዝገት ነው። ዝናብ ከጣሪያው ወርዶ ከወንበሮቹ ጀርባ ባሉ ቱቦዎች ከኋላ ጎማ ፊት ለፊት ይወጣል። ቱቦው በአቧራና በቅጠል ሲደፈን ውሃው በበሩ ሥር ባለው ላሜራ ውስጥ ይተኛና ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላዋል። ስለዚህ ቀለሙ ከውጭ አብረቅርቆ ላሜራው ባዶ ሊሆን ይችላል። ከኋላ ጎማ ፊት ያለውን ጫፍ በአውራ ጣትህ ጠንከር አድርገህ ተጫን። ከተሰረጎደ ወይም ኩርሽምሽም ካለ ተቆርጦ በብየዳ ካልታደሰ አይድንም። ስቱኮ ተለጥፎበት አዲስ ቀለም ከተቀባ የቀለም ውፍረት መለኪያ ይያዝ፦ የፋብሪካ ቀለም በአብዛኛው ከ80 እስከ 160 ማይክሮን ነው፤ ከ1,000 በላይ ካነበብክ ከሥሩ ያለው ስቱኮ ነው።

አሁን ወደ ፍተሻው። የመጀመሪያው ደንብ፣ ሞተሯ ቀዝቃዛ ትሁን። ስትደርስ መጀመሪያ ኮፈኑን ወይም የሞተሩን ክዳን በእጅህ ዳስስ። ሞቅ ካለ ሻጩ የሚደብቀው የማስነሻ ድምፅ አለ፤ ሌላ ቀን ና። ሲነሳ ከኋላ ቆመህ ጭሱን ተመልከት። ሲነሳ ብቻ ብቅ ብሎ የሚጠፋ ሰማያዊ የቫልቭ ማኅተም ነው። ነዳጅ ስትረግጥ የሚቀጥል ሰማያዊ ደግሞ የፒስተን ፋሻ ወይም ሲሊንደር መበላት ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ፣ የሚጣፍጥ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛ ክፍል) ጓርኒሲዮን መበላሸት ነው።

ስትነዳት ለፍሪሲዮኑ አራተኛ ማርሽ ላይ በ50 ኪሎ ሜትር ሄደህ ነዳጁን ሙሉ በሙሉ ረግጠህ እይ። ዙሩ ዘሎ ፍጥነቷ ካልተከተለ ፍሪሲዮኑ አልቋል። ማርሹን ቀዝቃዛ ሳለች ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ መልስ፤ ከተንጫጨ ሲንክሮናይዘሩ (ማርሾቹ ሳይጋጩ እንዲገቡ የሚያስማማው) ተበልቷል፣ ካምቢዮ ተፈትቶ እንጂ በዘይት ለውጥ አይስተካከልም። ከ80 ኪሎ ሜትር ፍሬን ስትይዝ መሪው ከተንቀጠቀጠ ዲስክ ነው፤ ይህ ቀላሉ ነው፣ ለመደራደሪያ ይጠቅምሃል።

ከዚያ ሊፍት ላይ። ጎማዎቹ የውስጥ ጠርዛቸው ብቻ ከተበላ የጎማ አቅጣጫ ተዛብቷል፣ አለበለዚያም ጎሚኒዎቹ (የእግሮቿ መገጣጠሚያ ላስቲኮች) አልቀዋል። በጎማው ጎን ላይ ያሉት የመጨረሻ አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይነግሩሃል፤ 2319 ካለ የ2019 ሃያ ሦስተኛ ሳምንት ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ አሥር ዓመት የሞላው ጎማ ለእንዲህ ዓይነት መኪና ቆሻሻ ነው። ውድድር ቦታ የተገረፈች መኪና ደግሞ ምልክት ትተዋለች፦ ሰማያዊ የሆነ ወይም ጥቃቅን ስንጥቅ የበዛበት ዲስክ፣ የተቃጠለ የፍሬን ፒስተን ጎማ፣ በጎማ መሸፈኛው ውስጥ የተለጠፈ የቀለጠ ጎማ፣ ወለሉ ላይ ተበስቶ የተደፈነ ቀዳዳ።

ኮምፒውተር ይሰካ። በኦቢዲ ማንበቢያው (ከመኪናዋ ኮምፒውተር ላይ ስህተት የሚያነበው መሣሪያ) ስህተት አለመኖሩ ብቻ አይበቃም፤ የራስ ፍተሻዎቹ «አልተጠናቀቁም» ካሉ አንድ ሰው ትናንት ማታ ስህተቱን አጥፍቷል ወይም ባትሪ ነቅሏል ማለት ነው። ቦክስተሯ ላይ በፖርሽ ማንበቢያ ሁለት ነገር ጠይቅ። አንደኛው ከመጠን ያለፈ ዙር ነው። ሞተሩ ነዳጅ ስትረግጥ ራሱን ይገድባል፤ ከሦስተኛ ወደ አራተኛ እሄዳለሁ ብሎ ሁለተኛ የሚያስገባን ሹፌር ግን ምንም አይገድበውም፣ ጎማው ነው ሞተሩን የሚያዞረው። ኮምፒውተሩ ስንት ጊዜና በስንተኛው የሞተር ሰዓት እንደሆነ መዝግቦ ይይዛል። ሁለተኛው ጠቅላላ የሞተር ሰዓት ነው። ኪሎ ሜትሩን ለሰዓቱ አካፍል፦ 90,000 ኪሎ ሜትር ለ1,800 ሰዓት 50 ይመጣል፣ ጤናማ አማካይ ፍጥነት ነው። 90,000 ለ4,500 ሰዓት ከሆነ 20 ነው፤ ወይ መኪናዋ ዕድሜዋን ሙሉ ትራፊክ ውስጥ ቆማለች፣ ወይ ቆጣሪው ወደ ኋላ ተመልሷል።

የኮምፕረሽን (ሲሊንደር ውስጥ የሚታመቀው አየር ግፊት) ልኬት በሲሊንደሮቹ መካከል ከ10 በመቶ በላይ ልዩነት ማሳየት የለበትም። ቁጥሩ እኩል እስከሆነ ድረስ ትንሽ ዝቅ ማለቱ አያስጨንቅም፤ ልኬቱ በባትሪው ጉልበትና በመለኪያው ላይም ይመሠረታል።

ገንዘብህን በተመለከተ፣ ካለህ ላይ ከ15 እስከ 20 በመቶ ሳትነካ አስቀምጥ። ጎማ፣ የሁሉም ፈሳሽ ለውጥ፣ ፍሬንና አንድ ያላሰብከው ነገር በመጀመሪያው ዓመት ይበሉታል። ሙሉውን ከፍለህ ባዶ እጅህን የምትቀር ከሆነ ኤምኤክስ-5ቷን ውሰድ። ትርፍ ካለህና የቦክስተሯ የኩሽኔታ ደረሰኝ ከተገኘ እኔ ቦክስተሯን እመርጣለሁ፣ መሪዋ የሚነግርህን ሌሎቹ አይነግሩህም። 350ዜዷን የማስብላት ያልተነካካች ከሆነች ብቻ ነው።

ከመሄድህ በፊት ሦስቱንም ሻጮች በስልክ አራት ነገር ጠይቅ፦ ፍሪሲዮኑ መቼ ተቀየረ፣ ዘይት በስንት ኪሎ ሜትር ይቀየራል፣ ኦሪጅናል ዕቃ ያልሆነ ምን ተገጥሟል፣ እኔ የመረጥኩት ጋራዥ ሊፍት ላይ ማውጣት እችላለሁ ወይ። ለአራተኛው «አይ፣ ምንም አያስፈልጋትም» የሚል መልስ ከሰጠህ ሰው ጋር የነዳጅ ገንዘብህን አታባክን።