ስለ ሕዋስ እድገትና ክፍፍል ከጅማ ነዋሪዎች ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ጥያቄ (ከሒርማታ፣ ተማሪ)፦ መምህር፣ ሕዋስ እየተለቀ ከመሄድ ይልቅ መከፈል ለምን አስፈለገው?

መልስ፦ ሕዋስ የሚመገበውም ቆሻሻውን የሚያስወግደውም በስስ ሽፋኑ በኩል ነው። ርዝመቱ፣ ወርዱና ከፍታው በእጥፍ ሲያድጉ የሽፋኑ ስፋት 4 እጥፍ፣ የውስጡ ይዘት ግን 8 እጥፍ ስለሚሆን፣ ሽፋኑ ለውስጡ የሚበቃ ምግብ ማስገባት ይሳነዋል።

ጥያቄ (ከዚያው ተማሪ)፦ ከመከፈሉ በፊትስ ውስጡ ምን ይከናወናል?

መልስ፦ በእኔ እምነት ዋናው ሥራ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሕዋሱ በቅድሚያ ፕሮቲን እያመረተ ይፋፋል፤ ቀጥሎ የዘር መረጃውን የያዘውን ሞለኪውል፣ ዲኤንኤውን፣ በሙሉ ይገለብጣል፤ በየምዕራፉም ተቆጣጣሪ ፕሮቲኖች ጉድለት ካገኙ ሂደቱን ያስቆማሉ። በላቦራቶሪ የሚያድግ የሰው ሕዋስ ዑደቱን በ24 ሰዓት ገደማ ሲጨርስ፣ ማይቶሲስ፣ ማለትም የተገለበጠውን ዲኤንኤ ለሁለት የሚያካፍልበት ምዕራፍ፣ የሚወስደው 1 ሰዓት ያህል ብቻ ነው።

ጥያቄ (ከጅሬን፣ የቡና ችግኝ የሚያፈሉ እናት)፦ የችግኝ ሥር የሚረዝመው ከየት በኩል ነው? ሕዋሱ ሲከፈልስ ይታያል?

መልስ፦ እናቴ፣ ሥሩ የሚረዝመው ከጫፉ በኩል ነው። ሕዋሳቱ የሚከፈሉት በጫፉ አካባቢ ሲሆን፣ ከዚያ ከፍ ብለው ያሉት ውኃ ሞልተው እየረዘሙ ጫፉን ወደ አፈሩ ይገፉታል፤ ችግኙን ሲያዛውሩ ዋናው ሥር እንዳይታጠፍ መጠንቀቅዎ ስለዚህ ተገቢ ነው። ለማየት ግን የሽንኩርት ሥር ይቀላል፤ ክሮሞሶሞቹ (ዲኤንኤው የተጠቀለለባቸው ክሮች) 16 ብቻና ትልልቅ ናቸው። ሽንኩርቱ ውኃ በያዘ ብርጭቆ አፍ ላይ ተቀምጦ ጥቂት ቀን ሲቆይ ነጫጭ ሥር ያወጣል። ጫፉን ቆርጠን፣ በቀጭን አሲድ አለስልሰን፣ ቀለም ነክረን፣ በሁለት መስታወት መካከል ጨፍልቀን በማይክሮስኮፕ ስናየው፣ አብዛኞቹ ሕዋሳት ክብ ኒውክለስ (ዲኤንኤው የሚቀመጥበት የሕዋሱ እምብርት) ብቻ ያሳያሉ። በጥቂቶቹ ክሮሞሶሞቹ በመካከል ተሰልፈዋል፤ በሌሎቹ ደግሞ ወደ ሁለት ዳር እየተጎተቱ ነው፤ በመጨረሻም በመካከላቸው አዲስ ግድግዳ ይሠራል። ይህን ባየሁ ቁጥር እደነቃለሁ። በእርስዎ ቡናም የዓረቢካ ሕዋስ 44 ክሮሞሶሞቹን ገልብጦ ለሁለቱ ልጆቹ 44፣ 44 ያካፍላል።

ጥያቄ (ከመንደራ)፦ የተቆረጠ ቆዳ ሲሽር አንጎል ለምን አይተካም?

መልስ፦ በቆዳ የታችኛው ንብርብር የሚከፈሉ ሕዋሳት ዘወትር አሉ፤ አብዛኞቹ የነርቭ ሕዋሳት ግን ከበሰሉ በኋላ ከክፍፍል ዑደት ይወጣሉ።

ጥያቄ (ከቆጪ)፦ ካንሰርስ ከዚህ ጋር ይገናኛል?

መልስ፦ በቀጥታ ይገናኛል። ከላይ የጠቀስኳቸውን ተቆጣጣሪ ፕሮቲኖች ለማምረት መመሪያ የያዙ ጂኖች (የዲኤንኤ ክፍሎች) በተደራራቢ ጉዳት ሲበላሹ፣ ሕዋሱ ቁም የሚለውን ትእዛዝ ሳይሰማ፣ ጉድለቱንም ለልጆቹ እያወረሰ ይከፈላል።