«ስንት ነው?» ከማለታችሁ በፊት

ውድ ልጆቼ፣

መኪና ከገዛ ብዙ ያልቆየ ወጣት ሲደውልልኝ ጥያቄውን ገና ሳይጨርስ አውቀዋለሁ። «ሞተሩ ሙቀት ጨመረብኝና ጋራዥ ወሰድሁት፤ ይህን ያህል ክፈል አሉኝ፤ አልበዛም?» ይለኛል። «ምን ሆኗል አሉህ?» ስለው ዝም ይላል። የተጠየቀውን ገንዘብ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ያውቀዋል፤ የተበላሸው ነገር ምን እንደሆነ ግን አልጠየቀም። እንዲህ ከሆነ እኔም ልፈርድለት አልችልም።

ይህን የምጽፈው ራሴን ንጹሕ አድርጌ አይደለም። የመካኒክነት ሙያዬን በጀመርሁባቸው ዓመታት ዳገት ላይ እየፈላ ያስቸገረ መኪና መጣልኝ። የሞተሩን ውሃ የሚያበርደውን ራዲያተር ሳየው አርጅቷል፤ ቀየርሁት። በሳምንቱ መኪናው ተመልሶ መጣ። የውሃ ፓምፑን ቀየርሁት። አሁንም ተመለሰ። አብሮኝ ይሠራ የነበረ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ምንም ሳይናገር የራዲያተሩን ክዳን አንሥቶ በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገውና «ሞላው ሞቷል» አለኝ። ክዳኑ ውሃ እንዳይፈስ ብቻ የተሠራ አይመስላችሁ። ውስጡ ያለው ሞላ (ስፕሪንግ) ፈሳሹን በግፊት አፍኖ ይይዘዋል። በብዙ መኪኖች ላይ ይህ ግፊት ከውጭው አየር በ1 ባር (የግፊት መለኪያ ነው) ገደማ ይበልጣል። በባሕር ጠለል 100 ዲግሪ ላይ የሚፈላ ውሃ በዚያ ግፊት ሲያዝ 120 ዲግሪ አካባቢ እስኪደርስ አይፈላም። ሞላው ሲደክም ውሃው ቀድሞ ይፈላል፤ ገንፍሎም ይወጣል።

ያ ደንበኛ የሚያስፈልገው ከመለዋወጫዎች ሁሉ ርካሹ ሆኖ ሳለ የሁለት ውድ ዕቃዎችን ዋጋ ከፈለ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ደግሞ ራዲያተሩንም ፓምፑንም በተገቢ ዋጋ መሥራቴ ነው። ደረሰኙን ለማንም ብታሳዩት «በዝቷል» አይልም ነበር። ተገቢው ዋጋ ለማያስፈልግ ሥራ የተከፈለ መሆኑ ግን ደረሰኝ ላይ አይጻፍም።

ስለዚህ ከዋጋው በፊት «እንዴት አወቃችሁ?» በሉ። ጥሩ መካኒክ ይህን ሲጠየቅ አይቀየምም፤ እንዲያውም ማስረዳት ይወዳል። ፈሳሽ የሚቀንስ ከሆነ በእጅ የሚገፋ ትንሽ ፓምፕ በክዳኑ ቦታ ይገጠምና ክዳኑ ላይ እስከ ተጻፈው ግፊት ድረስ ይሞላል። ከዚያ ለ15 ደቂቃ ያህል ይጠበቃል። የግፊት መለኪያው መርፌ ከወረደ ፍሳሽ አለ፤ የሚያፈሰውን ቦታም ብዙ ጊዜ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ክዳኑም በዚያው መሣሪያ ይፈተሻል። ለዚህ ምርመራ ገንዘብ ቢጠየቅ አትሰስቱ። ብዙ ወጣቶች «ገና ሳትሠሩ ለምን ታስከፍላላችሁ?» እያሉ ሲከራከሩ እሰማለሁ። ምርመራውን በነጻ ያደረገላችሁ ሰው ግን ድካሙን በምን ሊያካክሰው እንደሚችል አስቡት።

እናንተም ባዶ እጃችሁን አትሂዱ፤ መኪናው መቼ እንደሚሞቅ አስተውላችሁ ሂዱ። ቆሞ ወይም በመንገድ መጨናነቅ ውስጥ እየሞቀ መንገድ ሲያገኝ የሚበርድ ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የራዲያተሩ ማራገቢያ ነው። ምክንያቱም መኪናው ሲሮጥ ነፋሱ የማራገቢያውን ሥራ ይሠራለታል። ጥፋቱ ደግሞ ማራገቢያው ራሱ ላይሆን ይችላል፤ የተቃጠለ ፊውዝ ብቻ ሊሆንም ይችላል። በተቃራኒው በፍጥነት ሲነዳ ወይም ዳገት ሲወጣ የሚሞቅ ከሆነ የተደፈነ ራዲያተር፣ የደከመ ፓምፕ ወይም በሙሉ የማይከፈት ቴርሞስታት (ውሃው ወደ ራዲያተሩ የሚያልፍበት በር) ይጠረጠራል። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ይዛችሁ ከገባችሁ ለመካኒኩ የግማሽ ቀን ልፋት ታቀልሉለታላችሁ።

የእጅ ዋጋ ብዙ ጊዜ ያጣላል። «ዕቃው ይህን ያህል ርካሽ ሆኖ እጁ እንዴት ሦስት እጥፍ ይሆናል?» ትላላችሁ። አንዳንዴ ይሆናል። የመኪናውን ውስጥ የምታሞቀው ትንሿ ራዲያተር በብዙ መኪኖች ከዳሽቦርዱ ኋላ ተደብቃ ነው የምትገኘው። ዕቃዋ ቀላል ነው፤ እሷ ጋር ለመድረስ ግን ዳሽቦርዱ በሙሉ ሊወርድ ይችላል። የውሃ ፓምፕም እንዲሁ ነው። ከውጭ ባለው ችንጋ (ቀበቶ) የሚዞር ከሆነ ብዙ ጊዜ ሥራው አጭር ነው፤ የሞተሩን ውስጣዊ ክፍሎች በአንድ ልክ በሚያዞረው በታይሚንግ ችንጋ የሚዞር ከሆነ ግን የሞተሩ ፊት መፈታት አለበት። አንድ ዓይነት ስም ያለው ሥራ በሁለት መኪኖች ላይ የተለያየ ዋጋ ሲጠየቅበት ቶሎ «ዘረፋ ነው» አትበሉ።

ግን ሌላም ነገር ልብ በሉ። ታይሚንግ ችንጋው ሊቀየር ሞተሩ ከተፈታ፣ በዚያው ፓምፑን መቀየር የሚያስጨምረው የእጅ ዋጋ ትንሽ ነው። እንዲሁም ፓምፕና ቴርሞስታት በአንድ ቀን ከተቀየሩ ፈሳሹ የሚወርደውም የሚሞላውም አንድ ጊዜ ነው። ሒሳቡ ላይ ሁለት ጊዜ ተጽፎ ካያችሁ በትሕትና ጠይቁ። እኔ በዚህ ጥያቄ ስንት ሰው ዋጋ ሲያስተካክል አይቻለሁ።

በሞተሩ ክፍሎች መካከል ገብቶ ውሃና ጋዝ እንዳያልፍ ስለሚዘጋው ጋስኬት ለብቻው ልናገር፤ ትልቁ ገንዘብ የሚሄደው እዚያ ነው። ሞተሩ ክፉኛ ከሞቀ መካኒኮች ቴስታታ የምንለው የላይኛው ክፍል ሊጣመም፣ ከሥሩ ያለው ጋስኬትም ሊቃጠል ይችላል። ከውጭ ምንም ሳይፈስ ውሃው ከጎደለ፣ ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ሳያቋርጥ ከወጣ ወይም ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት ከመሰለ ጥርጣሬው ተገቢ ነው። ጥርጣሬ ግን ቴስታታ አያስወርድም። ከራዲያተሩ አፍ የሚወጣውን አየር በሰማያዊ ፈሳሽ ውስጥ የሚያሳልፍ ቀላል መመርመሪያ አለ፤ የሞተሩ የተቃጠለ ጋዝ ወደ ውሃው ከገባ ፈሳሹ ወደ ቢጫ ይለወጣል። ይህ ወይም ሌላ ምርመራ ሳይደረግ «ይፈታ» አትበሉ። ከተፈታ በኋላ ደግሞ «ጠፍጣፋነቱ ተለካ ወይ?» በሉ። በብዙ ሞተሮች ላይ ከ1 ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ የማይሞላ መጣመም እንኳ አዲሱን ጋስኬት ሊያበላሽ ይችላል። ጋስኬት ብቻ ቀይሮ ልኬቱን የዘለለ ርካሽ ዋጋ ሁለት ጊዜ ያስከፍላችኋል።

ርካሽ ካልሁ አይቀር የሚያናድደኝን ልናገር። ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል! «አሁን አይሞቅም» ብሎ ትንሽ ገንዘብ ተቀብሎ የሚያሰናብት ሰው ውለታ የዋለላችሁ ይመስላል። ቴርሞስታት ሞተሩ ቶሎ ወደ መሥሪያ ሙቀቱ እንዲደርስና እዚያው እንዲቆይ የሚያደርግ በር ነው፤ ብዙዎቹ ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይከፈታሉ። ሲወጣ ሞተሩ በቂ ሙቀት ሳያገኝ ይሠራል፤ ነዳጅ ያበዛል፤ ውስጡም ቶሎ ይበላል። ራዲያተሩ ተደፍኖ ከነበረም ጥፋቱ እስከሚቀጥለው ረጅም ዳገት ድረስ ተሸፍኖ ይቆያል። ቀዳዳ ይደፍናል ተብሎ የሚጨመረውም ዱቄት ቢሆን ቀዳዳውንና ቀጫጭኑን የራዲያተር ቱቦ ለይቶ አያውቅም።

ሁለተኛ ጋራዥ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ግን የምታነጻጽሩት አንድ ዓይነት ነገር ይሁን። አንዱ በመኪናው አምራች የቀረበ ፓምፕ፣ ሌላው ስሙ የማይታወቅ ፓምፕ አስበው ዋጋ ከነገሯችሁ ሁለቱ ቁጥሮች አይወዳደሩም። የዕቃው ዓይነት፣ የእጅ ዋጋው፣ የፈሳሹ ዋጋና የዋስትናው ጊዜ ተለይተው ይጻፉላችሁ። የወጣውን አሮጌ ዕቃ እንደምትፈልጉም ሥራው ከመጀመሩ በፊት ተናገሩ። ካለቀ በኋላ ስትጠይቁ «ተጥሏል» ቢባል መካኒኩ ሌባ ነው ማለት አይደለም፤ እኛ ስንጥል እንውላለን።

የሙቀት መለኪያው ወደ ቀዩ ሲወጣ ካያችሁ ዳር ይዛችሁ ቁሙ፤ ሞተሩንም አጥፉ። «ቤት እስክደርስ» የምትሉባት መንገድ የአንድ የውሃ ቱቦ ወጪን ወደ ቴስታታ ወጪ ልትለውጠው ትችላለች። ሞተሩ ሳይበርድ ክዳኑን አትክፈቱ፤ ግፊት ያለው የፈላ ውሃ ፊት ላይ ሲመታ አይቻለሁ።

መኪናው ተሠርቶ በተመለሰ ማግሥት፣ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሣ የፈሳሹን መጠን እዩ። ትንሽ ቢቀንስ አትደንግጡ፤ ውስጥ የቀረው አየር ሲወጣ ፈሳሹ ቦታውን ይይዛልና ያንኑ ዓይነት ፈሳሽ ጨምሩበት። በሦስተኛውና በአራተኛው ቀንም እየቀነሰ ከሄደ ግን ደረሰኙን ያዙና ወደ ሠራው ሰው ተመለሱ።