ትራንስፎርመሩ ደህና ነው፤ ዘፋኙ ለምን ይጎተታል?

ጥያቄ፦ አቦ፣ ግራ ገብቶኛል! እህቴ ከአሜሪካ በቺንጋ የሚዞር የሸክላ ማጫወቻ ላከችልኝ። ከሥሩ «120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ» ይላል። ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ገዝቼ ሰካሁት። ይሠራል፤ ግን ዘፋኙ ሁሉ ድምፁ ወፍሮ ይጎተታል። ቺንጋ ቀየርኩ፣ ያው ነው። የሚገርመው የሳህኑ ጠርዝ ላይ ያሉት የፍጥነት ነጥቦች በመብራቱ ሲታዩ፣ ልክ ፍጥነቱ ትክክል እንደሆነ ሁሉ፣ ቀጥ ብለው ቆመዋል። (ከከዚራ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ቺንጋውም ትራንስፎርመሩም ጥፋት የለባቸውም። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል እንጂ ኸርዙን (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበትን ብዛት) አይነካም። የእኛ መስመር 50 ኸርዝ ነው፤ የእርስዎ ሞተር ደግሞ ፍጥነቱን የሚወስደው ከኸርዙ ነው። በ60 ፋንታ በ50 ሲነዳ ከፍጥነቱ አንድ ስድስተኛውን ያጣል። በደቂቃ 33⅓ ዙር የነበረው 27.8፣ 45 የነበረው 37.5 ዙር ይሆናል፤ ዜማው ከሦስት ሴሚቶን (ግማሽ ድምፅ) በላይ ይወርዳል።

ነጥቦቹ ብዙ ሰው አታልለዋል። ለ60 ኸርዝ የተሠራ ሳህን ለ33⅓ የሚሆኑ 216 ነጥቦች አሉት። መብራቱና ሞተሩ የሚሠሩት በአንድ መስመር ስለሆነ እኩል ይዘገያሉ፣ ነጥቦቹም የቆሙ ይመስላሉ። ለ50 ኸርዝ የሚያስፈልገው 180 ነው። እነሱን ይተዉአቸውና ሳህኑ ጠርዝ ላይ ቁራጭ ወረቀት ለጥፈው፣ ሰዓት ይዘው ይቁጠሩ፦ በ33⅓ ላይ በ3 ደቂቃ ልክ 100 ዙር መምጣት አለበት። የእርስዎ 83 ገደማ ላይ ይቆማል።

መድኃኒቱ ሞተሩ ጫፍ ላይ ያለው፣ ቺንጋው የሚጠመጠምበት ፑሊ ነው። ለሞዴልዎ የተሠራ የ50 ኸርዝ ፑሊ ካገኙ እሰየው። ካላገኙ ድሬ ውስጥ ቶርኖ ቤት አይቸግርም፣ ከናስ ያስቀርጹ። ስሌቱ ግን «በ20 በመቶ አወፍረው» ብቻ አይደለም፤ የቺንጋው ውፍረትም ይቆጠራል። የፑሊው ዲያሜትር 10 ሚሊሜትር፣ የቺንጋው ውፍረት 0.6 ቢሆን፣ ደምረው 10.6 ይላሉ፣ በ1.2 ሲያበዙት 12.72 ይመጣል፣ 0.6 ሲቀንሱ 12.12 ይቀራል። የ45ቱንም እርከን እንዲሁ ያስሉ። ቀዳዳው ከመሐል ጥቂት እንኳ ካፈነገጠ ረዘም ያለ የፒያኖ ድምፅ ይወዛወዛል፤ ስለዚህ ቀዳዳውንና ዙሪያውን ከቶርኖው ሳይፈታ በአንድ እስር እንዲጨርሰው ለባለሙያው ይንገሩት።

ገና ሊገዙ ያሰቡ አንባቢዎች፣ ከታይዋን ገበያም ሆነ ከዘመድ፣ መጀመሪያ ከሥር ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ። «50/60 ኸርዝ» የሚል ወይም በዲሲ ሞተር የሚሠራ ከሆነ ይህ ጣጣ አብዛኛውን ጊዜ የለም። በ1979 እ.ኤ.አ. የወጣው ቴክኒክስ ኤስኤል-1200 ማርክ 2 ፍጥነቱን የሚቆጣጠረው በኳርትዝ ስለሆነ የሚያሳስበው ቮልቱ ብቻ ነው። ለጃፓን ገበያ የተሠራ ዕቃ ደግሞ 100 ቮልት ነው፤ 110 አይስጡት።

ጥያቄ፦ አባቴ በ1960ዎቹ የገዛቸው ባለ 45 ሸክላዎች አሉኝ፤ አንዳንዶቹ የሸክላ አሳታሚው የአምሃ ሪከርድስ ናቸው። የሻንጣ ማጫወቻ ገዛሁ፣ መርፌው ሲዘልብኝ ክንዱ ላይ ሳንቲም ጫንኩ። ምን ዓይነት ካርትሪጅ ልግዛ? (ከጁገል፣ ሐረር)

መልስ፦ ሳንቲሙን ዛሬውኑ ያንሱት። የሻንጣ ማጫወቻዎች በአብዛኛው ሴራሚክ ካርትሪጅ (መርፌውን ይዞ ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ክፍል) ነው ያላቸው፤ ያለ ሳንቲሙም 5 ግራም አካባቢ ይጫናሉ። እነዚያ የድሮ ሸክላዎች ከተበላሹ ምትካቸውን ማግኘት ይከብዳል፤ እኛ ብንሆን ማጫወቻውን እንቀይር ነበር። የሚፈልጉት ከኋላው የሚዞር ሚዛን ያለው፣ የካርትሪጅ ብሎኖቹም በ12.7 ሚሊሜትር የሚራራቁ ክንድ ነው።

ብዙ ለተጫወተ ሸክላ ጫፉ ክብ የሆነ መርፌ ይበቃል፤ የአቀማመጥ ስሕተትንም ይችላል። ኦዲዮ-ቴክኒካ ቪኤም95ሲ እንዲህ ያለ ነው፣ ጭነቱ 2 ግራም። ሲያልቅ መርፌውን ብቻ ነቅለው ይተካሉ። ሹር በ2018 እ.ኤ.አ. ካርትሪጅ ማምረት አቁሟል፤ «አዲስ የሹር መርፌ» ሲባሉ ቆም ይበሉ።

ሽቦዎቹ፦ ቀይ የቀኝ ሲግናል፣ አረንጓዴ የቀኝ መመለሻ፣ ነጭ የግራ ሲግናል፣ ሰማያዊ የግራ መመለሻ። ከዚያ አንቲስኬቱን (ክንዱ ወደ መሐል እንዳይሳብ የሚይዘውን ማስተካከያ) ዜሮ አድርገው፣ ክንዱ በአየር ላይ አግድም እስኪንሳፈፍ የኋላውን ሚዛን ያዙሩ። በዚያ ቦታ ሚዛኑን ሳያዞሩ የቁጥር ቀለበቱን ብቻ ዜሮ ያድርጉና ሚዛኑን ከነቁጥሩ እስከ 2 ያዙሩ። አንቲስኬቱንም 2 ላይ ያድርጉት። ማረጋገጥ ከፈለጉ የወርቅ ቤት ዲጂታል ሚዛን ያገለግላል፤ ነገር ግን ካርትሪጁ ውስጥ ማግኔት ስላለ የሚዛኑ ብረት ይስበዋል፣ ንባቡም ይዛባል። ሚዛኑ ላይ የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ቁራጭ አስቀምጠው ዜሮ ያድርጉት። መርፌው ሲያርፍም ከፍታው ሸክላው ላይ የሚያርፍበትን ያህል ይሁን።

አዲሱ ካርትሪጅ የሚያወጣው ከ3 እስከ 5 ሚሊቮልት ብቻ ነው። አምፕሊፋየሩ «ፎኖ» የሚል መግቢያ ከሌለው ለብቻው ፎኖ ፕሪአምፕ (ይህን ደካማ ሲግናል የሚያጎላ ዕቃ) ይግዙ፤ ኦክስ (ተራው መግቢያ) ላይ ቢሰኩት ድምፁ ሩቅና ቤዝ የሌለው ይሆናል። ቀጭኑን የመሬት ሽቦ ካላሰሩ «እምም» የሚል ድምፅ አይለቅዎትም።

ጥያቄ፦ አሮጌ ባለ 78 ሸክላ በአልኮል ይጠረጋል? (ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ በፍጹም። የድሮዎቹ 78ዎች ከሼላክ (ከተፈጥሮ ሙጫ) የተሠሩ ናቸው፤ አልኮል ያሟሟቸዋል። ለ1 ሊትር የተጣራ ውሃ ሁለት ጠብታ የዕቃ ሳሙና ጨምረው፣ በለስላሳ ጨርቅ ቦዩን ተከትለው ያጽዱ፣ በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁ፣ መሐሉ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አያርጥቡ። የተጣራውን ውሃ ከጋራዥ «የባትሪ ውሃ» ብለው ሲገዙ አሲዱን እንዳይሰጡዎት። የኤልፒ (የባለ 33⅓ ሸክላ) መርፌም አይሆነውም፤ ጫፉ 0.018 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ ሰፊው ቦይ ግርጌ ቆሻሻው ላይ ይንፏቀቃል። ለ78 የሚሆነው 0.065 እና ከዚያ በላይ ነው።

ጥያቄ፦ የሳህኑ እምብርት ሲጢጥ ይላል። የምግብ ዘይት ልጨምር? (ከሐረር)

መልስ፦ የምግብ ዘይት ቆይቶ ሙጫ ይሆናል። መኪና ግርግር ካሉት ልብስ ሰፊዎች የስፌት መኪና ዘይት ይለምኑ። የቆየውን ግራሶ ከኩሽኔታው ጠርገው ካወጡ በኋላ ከ2 እስከ 3 ጠብታ ይበቃል። ወደ ቺንጋው እንዳይፈስ ይጠንቀቁ፤ ዘይት የነካው ጎማ ይንሸራተታል።