«ሲ» ሥር ያለችው ጭራ ምን ትሠራለች?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ። የምኖረው አንኮበር ነው፤ አስጎብኚ ለመሆን ብዬ በስልኬ ፈረንሳይኛ እየተማርኩ ነው። ግሱ ግን አስቸገረኝ። «መብላት» ሞንዤ ነው፤ «እንበላለን» ሲሆን የማትነበብ «ኢ» መሃል ላይ ትገባለች። «መጀመር» ኮሞንሴ ላይ ደግሞ «ሲ» ጭራ ታወጣለች። ጭራሽ «መናገር» ላይ ለእኔ፣ ለአንተ፣ ለእሱ፣ ለእነሱ ጽሕፈቱ ይለያያል፣ ንባቡ ግን ሁሉም «ፓርል»! ይሄን ሁሉ በቃሌ መያዝ አለብኝ?

መልስ፦ የለብሽም እህቴ። እኛ ለወንድ «ሂድ»፣ ለሴት «ሂጂ» ስንል ድምፁ ስለተለወጠ ፊደሉም ይለወጣል። አንቺን ያስቸገሩሽ ሁለቱ ግሶች ግን ተቃራኒውን ነው የሚያደርጉት፤ ድምፁ እንዳይለወጥ ሲሉ ጽሕፈቱን ይለውጣሉ።

ፊደሎቹን በለመድነው በእንግሊዝኛ ስማቸው ልጥራቸው። «ጂ» ከ«ኢ»፣ ከ«አይ» ወይም ከ«ዋይ» በፊት ስትመጣ «ዥ» ናት፤ ከ«ኤ»፣ ከ«ኦ» ወይም ከ«ዩ» በፊት ግን «ግ» ትሆናለች። «ሲ»ም እንደዚሁ ናት፣ እዚያ «ስ»፣ እዚህ «ክ»። አሁን «እንበላለን» በይ፦ ኑ ሞንዦን። መድረሻው በ«ኦ» ስለሚጀምር «ጂ»ን ብቻዋን ብትተያት «ሞንጎን» ተብሎ ይነበብና ግሱ ግሱን መምሰሉ ይቀራል። ስለዚህ «ኢ» ትገባለች፤ ራሷ አትነበብም፣ ሥራዋ «ዥ»ን መጠበቅ ብቻ ነው። ጭራዋም «ኑ ኮሞንሶን» የሚለው «ኮሞንኮን» እንዳይሆን የተቀመጠች ናት። «እንበላ ነበር» ኑ ሞንዢዮን ሲሆን ግን ቀጥሎ «አይ» ስላለ «ኢ» አታስፈልግም፣ አትጻፍምም። ይቺን ካየሽ ነገሩ ገብቶሻል።

«አፕሌ» (መጥራት) ይለያል። «እጠራለሁ» ዣፔል ሲሆን ድምፁ እውነትም ተለውጧል፣ ለዚህም «ኤል» ትደገማለች። «አሽቴ» (መግዛት) ደግሞ ፊደል አይደግምም፣ «ኢ» ላይ ምልክት ያደርጋል። እውነቱን ልንገርሽ፣ እዚህ ጋ በቃል መያዝ ግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የጽሕፈት ማስተካከያ የዚህ ዓይነት ብዙ ግሶች በምልክቱ እንዲጻፉ ቢፈቅድም «አፕሌ»ንና «ዥቴ»ን (መወርወር) አልነካቸውም።

የ«ፓርል» መድረሻዎች ለዓይን ናቸው። በተለይ «እነሱ» ላይ ያሉትን «ኢ፣ ኤን፣ ቲ» በፍጹም እንዳታነቢያቸው። «እሱ»ም «እነሱ»ም በንባብ «ኢል» ስለሆኑ ብዙ ጊዜ የሚለይልሽ የወሬው አካሄድ ነው። ግሱ በአናባቢ ሲጀምር ግን በጆሮም ይለያል፦ «ይደርሳል» ኢላሪቭ፣ «ይደርሳሉ» ኢልዛሪቭ።

ለሥራሽም ይጠቅምሻል። እ.ኤ.አ. በ1839 ሸዋ የገባው ሮሼ ዴሪኩር ስለ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አገር በፈረንሳይኛ ጽፏል። እንዲህ ያለ የድሮ የጉዞ ጽሑፍ ስታነቢ «በላ» ሞንዣ፣ «ጀመረ» ኮሞንሳ የሚል ያለፈ ጊዜ ይበዛብሻል፤ ያቺው «ኢ»፣ ያቺው ጭራ ናቸው። አንብቢው፣ ግን ለእንግዶችሽ አትናገሪበት፤ ዛሬ በጽሑፍ እንጂ በወሬ አይሠራበትም። ስታወሪ «ኢላ ሞንዤ» በይ።