ቨርጂኒያ ውስጥ ኖተሪ መሆን፦ ጥያቄ ካላችሁ ወዲህ በሉ

ኖተሪ ማለት ሰነድ ላይ ማን እንደፈረመ አይቶ በማኅተሙ የሚያረጋግጥ ሹም ነው። የምመልሰው ስለ ቨርጂኒያ ብቻ ነው። የሜሪላንድና የዲሲ ሕግ ሌላ ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ዜግነት የለኝም፣ ግሪን ካርድ ነው ያለኝ። ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል። 18 ዓመት የሞላው፣ በሕጋዊ መንገድ የሚኖር፣ እንግሊዝኛ ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰው ያመለክታል። በከባድ ወንጀል የተፈረደበት ግን መብቱ ካልተመለሰለት አይሾምም። ፈተናም ኮርስም ግዴታ አይደለም፤ «ሳትማሩ አታልፉም» የሚላችሁን ዝም ብላችሁ እለፉት።

ጥያቄ፦ ሂደቱና ወጪውስ?

መልስ፦ ማመልከቻው 45 ዶላር ነው። እሱ ራሱ በሌላ ኖተሪ ፊት ይፈረማል፤ አዎ፣ ኖተሪ ለመሆን ኖተሪ ያስፈልጋል። ሲፈቀድላችሁ ሰርኪዩት ኮርት (የአካባቢው ፍርድ ቤት) ሄዳችሁ ትምላላችሁ፣ እዚያ ደግሞ 10 ዶላር። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው፤ ደብዳቤው ሲመጣለት ያለቀ መስሎት መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል፣ 60 ቀን ሳይምል ካለፈ ሹመቱ ይሰረዝና እንደ አዲስ አመልክቶ እንደ አዲስ ይከፍላል።

ጥያቄ፦ ሹመቱ 4 ዓመት ነው አይደል?

መልስ፦ በአፍ እንደዚያ ይባላል። የሚያበቃው ግን በአራተኛው ዓመት፣ በተወለዳችሁበት ወር የመጨረሻ ቀን ነው። ጃንዋሪ የተወለደ ሰው ዲሴምበር 2024 ቢሾም ጃንዋሪ 31፣ 2028 ያልቅበታል፤ ከ3 ዓመት ብዙም አይዘል። ስለዚህ ዓመቱ ሲጀምር ማመልከት ያዋጣል።

ጥያቄ፦ ሳላድስ ቀኑ ቢያልፍብኝስ?

መልስ፦ ማኅተሙን አትንኪው። ማደስ ማለት ድጋሚ ማመልከትና ድጋሚ መማል ነው። «ማን ያያል» እንዳትዪ። ወደ አገር ቤት የሚላክ ውክልና መጀመሪያ ወደ ዋና ከተማዋ ሪችመንድ፣ ወደ ኮመንዌልዙ (የቨርጂኒያ ግዛት) ጸሐፊ ቢሮ ይሄዳል፤ እዚያም ውክልናው በተፈረመበት ቀን ሹመትሽ የጸና መሆኑ ይታያል። ከዚያ ነው ወደ አሜሪካ ውጭ ጉዳይ፣ ቀጥሎም ወደ ኤምባሲያችን የሚያልፈው። ያለፈበት ከሆነ ገና ከሪችመንድ ይመለሳል፤ አዲስ አበባ ቤት ለመሸጥ ውክልናውን የሚጠብቀው ሰውዬ ጉድ ሆነ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ፈራሚው በዋትስአፕ ቪዲዮ ቢቀርብ?

መልስ፦ በፍጹም። ቨርጂኒያ ከ2012 ጀምሮ በኦንላይን ኖተራይዝ ማድረግ ትፈቅዳለች፣ ግን ለብቻው የኤሌክትሮኒክ ኖተሪ ሹመትና ለዚሁ የተሠራ ሲስተም ይጠይቃል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የምትፈርመውን ውልስ?

መልስ፦ እሷ ተዋዋይ ከሆነች ለሌላ ኖተሪ ስጠው።

ጥያቄ፦ የኢሚግሬሽን ፎርም እየሞላሁ ላስከፍል?

መልስ፦ ተው ወንድሜ! ኖተሪ ጠበቃ አይደለም። አንተ የምታረጋግጠው ማን እንደፈረመ ነው፤ ለዚያም ሕጉ የፈቀደልህ ቢበዛ 10 ዶላር ነው።